አንደኛ ክፍልን ላስከበሩልን መምህርት

ለመምህራንና ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች በሙሉ፦

ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍልን ያስተማሩት፣ ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው መምህርታችን ባደረባቸው ሕመም ሰኞ ማለዳ አርፈዋል። አርባ ሁለት ልጆች ያለ መምህርት ቀርተዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ምስጋናችን ግን ይበልጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ አንደኛ ክፍል በዚህ ግቢ የመምህራን ቅጣት ቦታ ነበር። እሳቸውም ሥራ በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ በስብሰባ ላይ ደፍረው በመናገራቸው ከስምንተኛ ክፍል ወደዚያ ተወርውረዋል። ከዓመት በኋላ አስተዳደሩ ጥፋቱን አምኖ ሊመልሳቸው ቢጠራቸው፣ «ይኼ ቅጣት ከሆነ፣ እባካችሁ ምሕረት አታድርጉልኝ» ብለው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ።

በዚያው ዓመት ከጥበቃ ሠራተኛችን ጋር ሆነው የዴስኮቹን እግር በመጋዝ አሳጠሩ። እግሩ መሬት ያልነካ ልጅ እርሳስ አይጨብጥም ባይ ነበሩ። ንብረት ክፍል ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። ዛሬ ዴስክ የምንገዛው እሳቸው ባሳጠሩት ልክ ነው።

አንደኛ ክፍል በገቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ «አንደኛ ክፍል ማስተማር ማንን ያቅታል?» ይሉ የነበሩት የሒሳብ መምህራችን አንድ ክፍለ ጊዜ ተክተዋቸው ገብተው፣ ደወል ሳይደወል «ኧረ በሕግ አምላክ!» እያሉ ወጡ። እታለም ስቀው አላለፉም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላ፣ በትንሿ ዴስክ ላይ አስቀምጠው እንዴት እንደሚያስተምሩ አሳዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ መምህር እዚያ አንድ ሳምንት ሳይቀመጥ ጠመኔ አይሰጠውም።

የከፍተኛ መምህርነት ማዕረግ ቀድሞ የላይኛውን ክፍል ለሚያስተምሩ ብቻ ነበር። ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ለማደግ ሲል ልጆቹን ጥሎ መውጣት የለበትም ብለው ሦስት ዓመት አቤት አሉ፤ ደንቡም ተሻሻለ። የእሳቸው የማዕረግ ደብዳቤ ከሁሉም ዘግይቶ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ታመው ሳሉ ርዕሰ መምህሩን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አደራ፣ ልጆቼ ላይ የተቀጣ ሰው እንዳትልኩባቸው።»

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸውና ከአልጋቸው አጠገብ ላልተለዩት ታናሽ እህታቸው መጽናናትን እንመኛለን። እናንተም ይህን እወቁልን፦ ማክሰኞ ዕለት ቦታው ክፍት መሆኑን ለጠፍን። እስከ ሐሙስ ድረስ ሰባት ነባር መምህራን፣ አራቱ ከላይኛው ክፍል፣ ማንም ሳያዛቸው አመልክተዋል። ለማን እንደምንሰጥ ቸግሮናል።