ባሕሩ ሲመለስ

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4
ልብስ አጠብኩ። አሰጣሁት፣ ዘነበ፣ አስገባሁት... የከተማችን የዳንዲ ነገር። ባለቤቴ ዱገል ለጉዞው ሻንጣ ሊያወርድ ፎቅ ወጣ። ደረጃው መሃል ቆመ። "ምነው?" ስለው "የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነው" አለኝ።
ያደረገው ጫማ ማሰሪያ የለውም።
 ለምን ይህን አላልኩትም?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7
መርከብ ላይ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር "አንድ ቀን ኮሎንሴይ ደሴትን እናያለን" ስንል ኖርን። ገና ሰሞን ልቡን ካመመው ወዲህ ገበያ እንኳ አብሮኝ አልወጣም። አሁን ምን አጣደፈው? ደሴቲቱን አይተን በኤድንብራ በኩል እንመለሳለን አለ፣ በቃ።
ከንፈሩ ጠቁሮ እንደሆነ ሰርቄ ሳይ ያዘኝ።
"ምነው ኤፊ፣ እንደ ጉምሩክ ትፈትሺኛለሽ?"
"ቆንጆ ነህ ብዬ ነው።"
"እንግዲያ ዓይንሽን ታከሚ።"
ሳቅን። 

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8
ኮሎንሴይ። ዝናብ። ዱገል ቀኑን ሙሉ ተኛ። የባሕር አየር ነው አለ። ይሁን...

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
 ልጻፈው።
ኦሮንሴይ የምትባለው ትንሿ ደሴት ከዚህችኛዋ ጋር የምትገናኘው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው። አሸዋውን በእግር ተሻግረን የመነኮሳቱን ፍርስራሽና ትልቁን የድንጋይ መስቀል አየን። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተመለሱ ተብለናል። ዱገል መስቀሉ ሥር ተቀምጦ አልነሳ አለ። "ትንሽ እንቆይ፣ ደስ ይላል።" ደስታ መስሎኝ... ድካም ኖሯል።
አሸዋው ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ውሃው ከፊት ይመጣል ብዬ ነበር የማየው። ከጎን መጣ፣ በየጎድጓዳው፣ ያለ ድምፅ። ቁርጭምጭሚት። ከዚያ ጉልበት። መሃል ላይ ዱገል ቆመ፣ ደረቱን ያዘ።
"አንቺ ሂጂ።"
"ዝም በል።"
"ኤፊ፣ ሂጂ አልኩሽ።"
የሚረጨውን የልብ መድኃኒት ከኪሱ አውጥቼ ምላሱ ሥር ረጨሁለት። ክንዱን አንገቴ ላይ ጣልኩት። አንድ እርምጃ፣ እረፍት። አንድ እርምጃ... ጮህኩ። ማን ይሰማል? ጸለይኩ ልበል? አልጸለይኩም። የውሃውን ከፍታ በካፖርቴ ቁልፎች ስለካ ነበር። ታችኛው ቁልፍ ረጠበ። ሁለተኛው ረጠበ።
ትራክተር መጣ። ሺና የምትባል በግ አርቢ ከኮረብታው ላይ አይታን ኖሯል።
"ሰዓቱ ተነግሯችሁ የለም እንዴ?"
"ባለቤቴን ልቡን..."
"ገባኝ። አባቴ፣ እኔን ይደገፉኝ። ወሬው ደረቅ መሬት ላይ ይደርሳል።"

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10
የደሴቲቱ ሐኪም መጣች። መረመረችው። ኤድንብራ እንደገባችሁ ቀጥታ ሆስፒታል አለች። ከዚያ የሕክምና መዝገቡን እያየች "ቀዶ ጥገናዎ መቼ ነበር?" አለችው።
የምን ቀዶ ጥገና?
ዱገል መስኮቱን አየ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12
ኤድንብራ። ጠዋት ሆስፒታል። ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ዳገት አይውጣ፣ ቀዶ ጥገናው ግን አይዘግይ አሉ። "የነገሥታቱን ግንብ ሳላይማ ቤቴ አልገባም" አለ። ከታች፣ አትክልት ቦታው ውስጥ ተቀምጠን ቀና ብለን አየነው።
"ቀጠሮው ጁላይ ነበር። ደውዬ ሰረዝኩት።"
"ለምን?"
"ወንድሜ ዳንከን ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ አልወጣም።"
"ለኔ አትነግረኝም?"
"ብነግርሽ ታስገቢኛለሽ። መጀመሪያ ደሴቲቱን ላሳይሽ ብዬ ነው።"
ስንብት ነበር ለካ። ሽርሽር ነው ብዬ አዲስ ሹራብ የገዛሁት እኔ...
ተነስቼ ሄድኩ። ትቼው። ከበሩ ሳልወጣ ፍርሃት ጨመደደኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ። እዚያው አለ። ስልኩን ይዟል።
"መነጽሬን ባሕር በልቶታል። የዳንዲውን ሆስፒታል ቁጥር አንቺ ምቺልኝ።"
መታሁለት። ያወራው ራሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25
ዳንዲ። ቀዶ ጥገናው ነገ ነው።
እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ኤፊ፣ ፈርቻለሁ" አለ።
ከዚህ ሰው አፍ ይሄን ቃል ሰምቼ አላውቅም። አይዞህ ልለው ነበር። 
"እኔም" አልኩት።
ከዚያ አወራ። ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ዳንከን፣ እኔ ብቻዬን ስለ መቅረቴ... እኔም የኔን አወጣሁ። ከገና ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን እንደማዳምጥ ነገርኩት።
"አውቃለሁ" አለ። "እንዳትሰጊ ብዬ የተኛሁ እመስልልሽ ነበር።"
ዘጠኝ ወር ሙሉ... ሁለታችንም ነቅተን፣ ጎን ለጎን።
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል እንገባለን። ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ዱገል ግን ሾርባውን ጨርሶ ተኝቷል። ማስመሰል አይደለም። ያንኮራፋል።