አባ እንግዳ አይደሉም

መቀሌ፣ የካቲት 2011

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የደሴው ብርድ በረታ ወይስ ለቀቃችሁ? ልጆችህስ? እኛ ከእማዬ መርሳት በቀር፣ ተመስገን፣ ደህና ነን።

እናት በማሽን ትጠበቃለች ወይ ብለህ የሳቅህባት ዕቃ አሁንም ቤታችን አለች። እማዬ ደጋግማ የምትለውን እየሰማች ስልኬ ላይ ትጽፍልኛለች፤ እኔም ቢሮ ሆኜ ምን እንዳስጨነቃት አውቃለሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሏታል፤ እማዬ ግን ጎረቤት መስላት በየጠዋቱ ከመይ ሓዲርኪ፣ እንዴት አደርሽ፣ ትላታለች። ከባልደረባዬ ከሃፍታይ ጋር ስንሠራት ሁለት ደንብ አወጣን። እማዬ ትናንት እሺ ማለቷን ስለምትረሳ በየቀኑ ፈቃዷ ይጠየቅ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ዕቃዋ ትጥፋ።

የነፍስ አባቷ አባ ሔሩይ ሲመጡ ግን እማዬን የምትረዳት አልጋነሽ አላጠፋቻትም። ብቆጣት፣ አባ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆኑት አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት። እማዬም መናዘዟን እየረሳች ያንኑ አንድ ነገር በመጡ ቁጥር ስትናዘዝ፣ ዕቃዋ ጽፋ ላከችልኝ። ኑዛዜ መሆኑን ሳላውቅ አነበብኩት። ስምህ አለበት።

ሃፍታይ፣ ዕቃዋ የምትማረው ከእንዲህ ያለ ድግግሞሽ ነውና እናስቀምጠው አለ። ካህን ፊት የተነገረ የእኛ አይደለም ብዬ ከያለበት ሰረዝኩት። ትንሽ አኮረፈ። አሁን አባ ሲገቡ ራሳቸው ከሶኬት ይነቅሏታል፤ ለእሷም የነፍስ አባት ፈልጉላት ብለው አሾፉብኝ። ከዕቃዋ ሰረዝኩት እንጂ ከእኔ ራስ የሚሰርዘው የለም። ልንገረው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቃቸውን ተዉና፣ መናገሩ የእሷ ነው፣ አንቺ ልጁን ጥሪው አሉኝ።

ስለዚህ ምን አነበብሽ አትበለኝ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሳትናገር ሄዳለች። የቀረችው እማዬ ናት፤ እሷም እየረሳች ነው። ሰሞኑን እኔን አልጋነሽ ትለኛለች፤ ያንተን ስም ግን እስካሁን አልሳተችም። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና አሁኑኑ ና። ልጆች ሳለን እማዬ በየመስከረሙ ከእኔ አስቀድማ ላንተ ልብስ ስትገዛ እቀና ነበር። አሁን ቅናቱ ለቀቀኝ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ እሷንም እስክትደርስ በልቧ ያቆይልን።

ታናሽ እህትህ