አንድ ስንዝር ግድግዳ

ለተከበሩ የከተማችን የሥዕል ማዕከል ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ግድግዳዎ እንከን የሌለው እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በዚያው ቤት ሥዕል የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቢረሱኝ አይፈረድብዎትም፣ ስንቱን ረስተዋል።

ከባሕር ማዶ የመጡት እንግዳ፣ ሥዕል የሚያምረው በነጭ ግድግዳ ላይ ነው ቢሉዎት፣ በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠርተው ትልቁን ክፍል ነጭ በነጭ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉ ምቀኞችን አይስሟቸው። እኔ ግን ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ያ ግድግዳ ቆሻሻ አልነበረም። ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ የራሱን ሥዕል በቀደመው ተማሪ ሥዕል ላይ ይሥል፣ ከቀደመው ግን አንድ ስንዝር ሳይነካ ይተው ነበር። ወጉን ያስጀመሩት አስተማሪያችን ጋሼ ናቸው፤ ታላላቆቻችሁን ሸፍኑ እንጂ አታጥፉ ይሉን ነበር። የሥዕላችን ታሪክ ከጥግ እስከ ጥግ እዚያ ነበር።

፪. በዚያው ግድግዳ ላይ «የሥዕላችን ታሪክ» የሚል ኤግዚቢሽን ከፍተው፣ ታሪኩን እርስዎ ከውጭ ተምረው ከተመለሱበት ዓመት መጀመርዎ አስደስቶናል። ከዚያ በፊት እንዳልተወለድን ባይነግሩን ኖሮ ዕድሜያችንን በከንቱ እንቆጥር ነበር። ጋሼ በመክፈቻው ዕለት መጥተው ግድግዳውን በእጃቸው ሲዳብሱ፣ ጥበቃው ቀለሙ ይቆሽሻል ብሎ አስወጥቷቸዋል። ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ክፍል ሠርቶ የየራሳችሁን አሳዩን ይለናል፤ እርስዎ ደግሞ የራሳችንን አጥፍተው ክፍሉን አሳዩ።

፫. ታናሽ እህቴ ተመርቃ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ቤታችን ሲፈርስ ሥዕሎቿ ጠፍተው የቀረን በግድግዳው ላይ የተተወላት ያ ስንዝር ብቻ ነበር፤ ቀይ በርና ከበሩ ሥር ብቅ ያለ አንድ ጫማ። እዚህ ላይ ትሕትናው አልሆነልኝም። ጠልቼዎታለሁ።

ለወንበርዎ ብቻ በሚገባው አክብሮት፣
ገና ካልተወለዱት ተማሪዎች አንዷ

ማስታወሻ፦ ግድግዳውን የቀባልዎት ሰው የጋሼ ተማሪ ነው፤ ሥዕል እንጀራ አልሆን ቢለው ቤት ይቀባል። እንደ ወጉም አንድ ስንዝር ትቷል፣ የእህቴን። ለኤግዚቢሽኑ በሙሉ ቁመትዎ የተነሡትን ያን ትልቅ ፎቶግራፍ አምጥቶ የሰቀለውም እዚያው ላይ ነው። ሄደው ማጥፋት ይችላሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ፎቶዎን ማውረድ ስላለብዎት፣ እህቴ ከእርስዎ የተሻለ ጠባቂ አታገኝም።