በመስታወት ሣጥን ስለተቀመጠችው የሰጋቱራ ምድጃ

ይድረስ ለተከበሩ የለምለም ነገ የንጹህ ቴክኖሎጂ ፈጠራ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ጉርድ ሾላ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የሳሊተ ምሕረቷ እመቤት ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና ትስጥልኝ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በዚህ ላብቃና ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ልንገርዎ፤ በዋናው በርዎ ላይ ፎቶግራፉ ተሰቅሎ ከሥሩ «አቶ ገብረኣብ ተስፉ፣ የጭስ አልባዋ ምድጃ ፈልሳፊ» የተባለለት ሰው ምድጃዋን አልሠራትም። የሠራቻት ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርልኝና፣ ሃረገወይን ናት። እኔ የሠራሁት ውሸቱን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሰሞን የደረሰኝ የክብር ጥሪዎ ነው። የማዕከሉ ስድስተኛ ዓመት ሲከበር «አረንጓዴ አባት» የሚል ሜዳሊያ ሊያጠልቁልኝ ማሰብዎን አንብቤ አመሰገንሁ። ልጅ አልወለድሁምና አባት ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. እዚሁ ጉርድ ሾላ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አናጢ ነበርሁ። ሃረገወይን ከመጋዙ ሥር የሚወድቀውን ሰጋቱራ በማዳበሪያ እየሞላች ትወስድ ነበር። ትልቅ የቀለም ጣሳ ከውጪ፣ ትንሽ ጣሳ ከውስጥ አድርጋ፣ መሃላቸውን በጭቃ ሞልታ፣ አየር የሚገባበትን በምስማር በስታ፣ ሰጋቱራውን በጠርሙስ ዙሪያ ጠቅጥቃ ጠርሙሱን ትመዘዋለች። ከዚያ በኋላ ያቺ ምድጃ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ጭስ ትነዳለች። ይህን ለማግኘት ሦስት ክረምት ፈጅቶባታል። ስንት ጣሳ እንደተበላሸባት የማውቀው እየተቆጣሁ የጣልሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

ለኪዳነ ምሕረት እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ባልደረቦችዎ ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ለዕለቱ ከቤት ባመጣኋት ምድጃዋ ላይ ተጥዶ ነበር። የፕሮጀክት ኃላፊዎ አቶ ፊሊሞን ጎንበስ ብሎ አየና «ፋዘር፣ ይሄን ማነው የሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልሁ። ለምን እንዳልሁ ዛሬም ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ በርና ወንበር ከማዘዝ በቀር ስለ ሥራዬ ምንም የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል። ፎርም ወጣ፣ ፈረምሁ። ማታ፣ ነገሩ እንዲያጥር ብዬ በስሜ እንዳስመዘገብሁት ለእሷ ነገርኋት። «ምን ቸገረኝ፣ ቤቱ አንድ አይደል?» አለችና ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። እኔም ያንን እንደ ይቅርታ ቆጠርሁት። ዓርብ ቀን ረስቼ የቀመስሁትን ወተት እንኳ ለንስሐ አባቴ የምናገር ሰው ይህችን በየዓመቱ እየዘለልሁ መጣሁ።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በቁጥር ያልተጻፈ ነገር መዝገብ ቤትዎ ስለማይቀበል በቁጥር አደርገዋለሁ።

1ኛ፦ የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎቹ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። የተከላ ኮሚቴ እስኪቋቋም ከነካርቶናቸው በጥንቃቄ ተቀምጠዋል፤ የጥበቃ ሠራተኞችዎም ምሳቸውን የሚበሉት በላያቸው ተቀምጠው ነውና አገልግሎት አልሰጡም ብሎ ማማት አይቻልም። እስከዚያው መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣ ጄኔሬተርዎ ከአጥርዎ በሚዋሰነው መኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር ይነሣል። ጭሱን አላማርርም። ሃረገወይን ካረፈች ወዲህ በቤቴ ድምፅ የሚያሰማ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ሲመጣና እሱ ሲጠፋ የሚከፋኝ የሰፈሩ ብቸኛ ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም። ስለ ውለታው አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ ምድጃዋን በመስታወት ሣጥን አስገብተው አምፖል ስላበሩላት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በአጠገቧ «እሳት ማቀጣጠል በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉም ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ምድጃ እሳት ከነካት ምን እንደምትሆን ማን ያውቃል? ከአዳራሹ ጀርባ የሠራተኞች ክበብዎ ወጡን በከሰል ስለሚሠራ የሚራብ ሰው የለም። ስለ ምድጃዋ ተጀመረ የተባለው ጥናት የት እንደደረሰ ለመጠየቅ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። አቶ ፊሊሞን አራቱንም ጊዜ በትሕትና «አያስቡ ፋዘር፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» ብሎ ሸኝቶኛል።

እኔ ፈርሜ የተውሁት ውል፣ አንቀጽ ስድስት፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ምድጃዋን መሥራትም ሆነ ለሌላ ሰው መስጠት ይከለክላል። አላነበብሁትም ብዬ አልዋሽም፤ የማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ሃረገወይን የነበረቻትን አንዲት ምድጃ ለእርስዎ ሰጥታ ወደ ከሰል ተመለሰች። ጎረቤት ሥሪልኝ ሲላት «ባለቤቴ ፈርሟል» ትል ነበር። በ2014 ዓ.ም. አረፈች። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏልና ሞቷን በእርስዎ ላይ አላመካኝም። የቀሩትን ሦስት ዓመታት በጭስ ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ግን እኔ ነኝ፤ ያስለቀሳትም ፊርማዬ ነው።

3ኛ፦ ከወሎ መጥታ ጎረቤታችን የሆነችው ሰኪና በማዕከሉ በር ላይ ሳምቡሳና ፓስቲ ትጠብሳለች። ልጇን ሳናን ያሳደገችው በዚያች ጥግ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የከሰሏ ጭስ የማዕከሉን አረንጓዴ ገጽታ ስለሚያበላሽ ከበዓሉ በፊት እንድትነሣ ተነገራት። ያሳዘነኝ መልእክቱን ያደረሰው አቶ ፊሊሞን በአፉ ሙሉ ሳምቡሳ ይዞ መሆኑ ነው።

«ሰኪናዬ፣ በኔ አይደለም፤ ካሜራ ላይ ጭሱ ያስጠላል» አላት።

«የጎረስከው በምን የተጠበሰ መሰለህ፣ በጸሎት?» አለችው።

ጭስ የማታወጣው ምድጃ በር ውስጥ ተቆልፋ፣ በጭስ የተከሰሰችው ሴት በር ላይ ቆማ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አርባ እርምጃ አይሞላም። ይህን ያህል አስተካክሎ ለማስቀመጥ ጥናቱ ስድስት ዓመት ቢፈጅ አይገርምም።

4ኛ፦ ይህኛው በራሴ ላይ የቀረበ ነው፤ ቢሮዎ ሌላ ቦታ ከመራልኝ አልቀየምም።

ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ ቤቴ እሳት አልነደደም ማለት ይቻላል። ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ ያሳፍራል። ዳቦ በሻይ በልቼ እተኛለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሮኝ የሚመለስ ስለሌለ ቤተ ክርስቲያኑን ደግሜ ዞሬ እሄዳለሁ። ሰኪና እንድትነሣ መታዘዟን የሰማሁ ዕለት ግን ጣሳ ፈልጌ፣ ጭቃ አቡክቼ ምድጃ ልሠራላት ተቀመጥሁ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ በማግሥቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በአዋጅ የታወቀው ፈልሳፊ ጭቃ ማድረቅ እንደማይችል ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። የሚረዳኝ ሰው ብፈልግ ከሰኪና በቀር ሃረገወይንን ሥራ ላይ ያያት አልነበረም። የተሰነጠቀውን ታቅፌ ሄድሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት።

አልደነገጠችም። «ጋሼ ገብረኣብ፣ ይሄን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? ውሃውን ሳቀብላት የኖርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ጭቃው በጥላ ነው የሚደርቀው። ጭድ ጨምረውበታል? አልጨመሩም። ወይ ፈልሳፊ!»

ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«ሃረግዬ አስምላኝ ነዋ። ‹እሱ ራሱ ይናገረው፣ እንዳታሳፍሪብኝ› ብላ።»

ክቡር ሆይ፣ «ቤቱ አንድ አይደል» ብላ ሽንኩርት የከተፈችው ሴት በመጨረሻ ይናገራል ብላ ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች። በአንድ ገበታ ስንበላ ጠብቃኛለች፤ ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥም ጠብቃኛለች። እኔ ደግሞ የበሽታዋን መድኃኒት ስቆጥር ነበርሁ። ለንስሐ አባቴ በመጨረሻ ስነግራቸው ብዙ አልገሠጹኝም፤ «በአደባባይ የወሰድኸውን በአደባባይ መልስ» አሉኝ። ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው ስለዚህ ነው እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም።

ስለዚህ በበዓሉ እንደማልገኝ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ፎቶግራፌን እንዲያወርዱልኝ፣ ከምድጃዋ ሥርም የሃረገወይን ገብረሰንበት ስም እንዲጻፍ እለምናለሁ። ስሙን ለመቀየር ኮሚቴ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን፣ እሷ መጠበቅ ትችልበታለችና አይቸኩሉ።

ለከተማችን ንጹህ አየር ሲሉ ዘወትር በዝግ መስኮት ለሚሰበሰቡት ለክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማይገባውን ክብር ለብሶ የቆየው
ገብረኣብ ተስፉ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሰኪና (ሳና ታነብላታለች)
ለማዕከሉ የሠራተኞች ክበብ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሕግ ክፍልዎ እንዳይደክም ጥፋቴን ራሴ አስመዘግባለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞችዎ ቁርስ ለመግዛት በተሰለፉበት፣ በጥላ የደረቀችውን ምድጃ ከበርዎ ፊት አስቀመጥሁ። ሰኪና «ትንሽ ተንጋዳለች፣ ግን ትሁን» አለች። አቶ ፊሊሞን ጭስ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ሲያጣ ሦስት ሳምቡሳ አዘዘ። የማን ሥራ እንደሆነች ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፣ ሰጋቱራውን ለኮስሁ፣ አንቀጽ ስድስትንም በዚያው አፈረስሁ።