«አቍገንዛ» ተሰርዞ «ብሩህ ተስፋ» ስለተባለው ሜዳ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ምትኩ፣
የመንደር ምሥረታና የቦታ ስም ምዝገባ ኃላፊ፣
ሰቆጣ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱን በቆርቆሮ ጣሪያዎ ሥር በደህና ማለፍዎን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ እኛም ሰባት ሰው ጎድለን አልፈነዋል።

እኔ ባለፈው ሚያዝያ ከአገውኛ አስተርጓሚ ሆኜ መዝገብዎን የጻፍሁልዎ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ይታየሽ ነኝ። ምስጋናዬ እንዳይደበቅ ስለፈለግሁ፣ ይህን ደብዳቤ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. በአንድ ጧት አሥራ ዘጠኝ የቦታ ስም ስለሰረዙልን እናመሰግናለን። አያት ቅድመ አያቶቻችን ለየምንጩና ለየገደሉ ስም ሲያወጡ ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው ባናውቅም፣ እርስዎ ምሳ ሳይደርስ ጨርሰዋል። ምክንያትዎ «ለአፍ አይመችም» የሚል ነበር፤ ለማን አፍ ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ አልነበረም።

፪ኛ. ለሰማንያ ቤት የመረጡትን ለጥ ያለ ሜዳ፣ አቍገንዛን በተመለከተ፣ አባ ይግዛው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አቍ ውኃ ነው፤ አቍገንዛ ውኃ የሚተኛበት ማለት ነው። ዛሬ አልጋው ባዶ ቢሆን ባለቤቱ የቀረ አይምሰልህ» ብለውዎት ነበር። ቃል ሳላጎድል ተረጎምሁ። እርስዎ ሳቁና «ሽማግሌው ተረት ያውቃሉ» ብለው «ብሩህ ተስፋ» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍሁ። እጅ ጽሑፌንም አመስግነውልኛል።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ በላይኛው ተራራ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሰማንያው ቤት የቆመበት ሜዳ ላይ ተኛ። የአባ ይግዛው ልጅ ማንጠግቦሽ አራስ ነበረች። ያገኘናት በሦስተኛው ቀን፣ ከመንታዎቿ አንዱን እንደታቀፈች ነው። ሌላውን አላገኘነውም። ላገኘናቸው ስድስቱ የመከፈኛውን አቡጀዲ ነጋዴው ዑስማን ከሱቁ አወጣ፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የመጣው አንድ ወረቀት ነው።

፫ኛ. ስለዚያ ወረቀት። ሰባቱን «ያለ ፈቃድ ቦታ የለቀቁ» ብዬ እንድመዘግብ አዘዋል። ስም የማውጣት ተሰጥኦዎ ከሜዳ አልፎ ለሬሳ መትረፉ ያስደንቃል። መንታዎቹ ክርስትና ስላልተነሡ ስም የላቸውም፤ እርስዎ ቢያወጡላቸው የምትከለክልዎ እናት የለችም።

አባ ይግዛው አልረገሙዎትም። «ምነው ያን ቀን ድምፄን ከፍ ባደረግሁት» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ግን የእርሳቸውን ያህል ደግ አይደለሁም። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። አሥራ ዘጠኙን ስም ከነትርጉማቸው መልሼ አስፍሬያለሁ፤ በሰባቱ አንጻር «ሞቱ» ብያለሁ፤ ማን ሜዳው ላይ እንዳሰፈራቸውና ማን እንደጻፈም አልተውሁም። ሊወስዱኝ ሲመጡ ሰው በመጠየቅ እንዳይደክሙ፣ ቤቴ ነኝ።

ስላወረሱን ተስፋ ሁሉ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
ታዛዥ ጸሐፊዎ
ይታየሽ ካሳ
ዝቋላ፣ መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ «ብሩህ ተስፋ» የሚለው ስም ለሕዝቡ አፍ አልመች ብሏል። ሜዳውን አሁን ሰው ሁሉ «የምትኩ መቃብር» ይለዋል። ጓድ ምትኩ በሕይወት አሉ ብዬ ላርማቸው ብሞክር፣ «ግድ የለም፣ ስሙ ይቆያቸዋል» አሉኝ።