ከሁለት ጓንት ጀርባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 1፡30

ዛሬም ክንዴ አልታዘዝ ብሏል። ማስታወሻዬ፣ ጽሑፌ ካስጠላህ ታገሰኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እጅ ወደ ላይ። ጓንት ጉንጭ ላይ፣ ክርን ጎድን ላይ፣ አገጭ ወደ ታች። በሁለቱም ክርኔ ሥር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ከወደቀ እንደገና ከመጀመሪያው። አራት ጊዜ ወደቀ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ይርጋ እንዲህ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ቡድን ቦክስ ይጋጠሙ ነበር። አሁን በሰቃ ሰፈር፣ በዚህ አሮጌ አዳራሽ፣ እኛን ያሠለጥናሉ። ሌላው አሰልጣኝ መምታት ያስተምራል። እሳቸው ሁለት ወር ሙሉ ያስተማሩኝ አለመመታት ብቻ ነው። አሰልቺ ነው። የክ/ከተሞች ውድድር ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። የመጀመሪያዬ። በሃያ ስድስት ዓመቴ። ካሸነፍኩ ክለብ ይወስደኛል፣ ከክር ፋብሪካው ፈረቃ እገላገላለሁ።

ሰዓት ደረሰ። ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ምሳ ሰዓት

አሰልቺ ነው ያልኩትን ሰርዝልኝ።

ዛሬ ከጫልቱ ጋር ሦስት ዙር ተለማመድኩ። ጫልቱ ከሳሪስ አቦ ነው የምትመጣው፤ ቃሊቲ፣ ዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ የከረጢት አፍ ትሰፋለች። እጇ ከባድ ነው። ወንዶቹም ይሸሿታል። እጄን አንስቼ ዓይኔን ልጨፍን ስል የመጀመሪያው ቡጢ ጓንቴ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ክንዴ ላይ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እኔ ግን አለሁ። ምንም አልሆንኩም።

እንዴት ብዬ ልንገርህ። ትመታለች፣ ይሰማኛል፣ ፊቴ የሚደርስ ግን የለም። ትንፋሿን እሰማለሁ። በሁለቱ ጓንት መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት እግሯን አያለሁ። ቀኝ እግሯ ወለሉን ሲገፋ ቀኝ እጇ እንደሚከተል ገባኝ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው እጁን ሲያነሳብኝ እሸማቀቅ ነበር። ዛሬ ቆሜ አየሁት።

አሁን ሁለቱም ክንዶቼ በልዘዋል። አብራኝ ማሽን ላይ የምትሠራው ልጅ ማን መታሽ አለችኝ። ማንም፣ አልኳት። እውነቴን ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ምሽት 12፡30

ወደቅኩ።

ጫልቱ ዘዴውን አገኘችው። ሁለት ቡጢ ወደ ፊቴ ላከች። እጄን ከፍ ሳደርግ ክርኔም አብሮ ከፍ አለ። ግራ እጇ በዚያ በኩል ገባ፣ ጉበቴ ላይ። የሚገርም ነገር ነው፤ ለአንድ አፍታ ምንም አይሰማም። ደህና ነኝ ብዬ ቀና ልል ስል ጉልበቴ ያለ ፈቃዴ ታጠፈ። ትንፋሽ የለም። ወለሉ ላይ ያለውን አቧራ ቅንጣት በቅንጣት አየሁት። ጫልቱ ደንግጣ ይቅርታ ስትለኝ ከሩቅ ይሰማኛል።

ጋሽ ይ. አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

«ጋርድሽ፣ እጅ አነሳስሽ፣ ጥሩ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ግን ከኋላው ጠፋሽ።»

ተናደድኩ። እጅሽን ላይ አድርጊ ሲሉኝ የከረሙት እሳቸው አይደሉ? ጠፋሽ ማለት ምን ማለት ነው? ደህና ዋሉ እንኳ ሳልላቸው ወጣሁ። አሁን አፍሬያለሁ። ጎኔም ያመኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት 1፡40

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ያየሁትን አንድም ሳላስቀር መጻፍ አለብኝ።

ከኋላው ሳይጠፉ እንዴት ይሆናል፣ ያሳዩኝ አልኳቸው። ሹራባቸውን እንኳ አላወለቁም። ጓንት አጠለቁ፣ አጎንብሰው የመድረኩን ገመድ አለፉ፣ ጫልቱን ምቺኝ አሏት። አባቴን የሚያህሉ ሰው አልመታም አለች። ካገኘሽኝ ነው አሏት። ሳቀች። መጀመሪያ በቀስታ መታች። ከዚያ የእውነቷን።

አላገኘቻቸውም። እግራቸው ከቆሙባት ቦታ ብዙም አልራቀም። ቡጢው ሲመጣ ትከሻቸው በትንሹ ይዞራል፤ ክርናቸው አንድ ጣት ያህል ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ያ ብቻ። ቡጢዋን በተቀበሉ ቁጥር ደግሞ ጓንታቸው አገጯ ላይ ነው። አይመታትም። ይነካታል፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። መቼ ከፊታቸው እንደወጣ አይታይም። ሲመለስ ብቻ ነው የሚታየው።

ገመድ የሚዘሉት ሁሉ ቆሙ። ከውጭ ከመንገዱ የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ። እኔ እጅ ማንሳት መደበቂያ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን እዚያ ውስጥ ሆነው ሁሉን ያያሉ፣ ያስባሉ፣ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየጠዋቱ እያየኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰልችቶኝ ነበር።

ሲወጡ በግራቸው በኩል ውሃ ዘረጋሁላቸው። አላዩትም። ክንዳቸውን ስነካቸው ነው የዞሩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት

ውሃውን ለምን እንዳላዩት ጠየቅኳቸው። ሌሎቹ ሄደው ነበር፤ ሁለታችን ጓንት እየወለወልን።

ግራ ዓይናቸው አያይም። ብዙ ዓመት ሆኖታል። በጊዜያቸው ጓንታቸውን ከፍ አድርገው እዚያው የሚቀሩ ተጋጣሚ ነበሩ። ማንም ጥሏቸው አያውቅም፤ ሰው ግንቡ ይላቸው ነበር። ግን ጓንት ላይ ያረፈ ቡጢ ሁሉ እዚያ አይቀርም አሉኝ። የራስህን ጓንት እየገፋ ራስህ ላይ ይመጣል። አንዳንዱም በጎን ይሾልካል። ሰውየው እስካልወደቀ ዳኛው አያስቆምም፣ አሰልጣኙም ይኮራበታል። አንድ ጠዋት ሲነቁ ግራው በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ጥቁር ነገር ወርዶ አገኙት። ሐኪሙ ዘግይተሃል አላቸው።

«አንድ ቀን እንኳ ወድቄ አላውቅም» አሉ፣ ጓንቱን እያገላበጡ። «የጎዳኝ እሱ ነው።»

እሳቸው እንደ ተራ ነገር ቀጠሉ። ውድድሩ ላይ ሳትመልሺ በተከታታይ አምስት ከተቀበልሽ ፎጣ እወረውራለሁ አሉኝ። ግጥሚያው ያልቃል ማለት ነው። አምስት ምን አላት፣ እችላለሁ፣ ብዬ ተከራከርኳቸው። እንደምትችዪ አውቃለሁ፣ የምፈራውም እሱን ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ከሰዓት 11፡00

ተሸነፍኩ። በነጥብ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ተጋጣሚዬ በአንድ ራስ ትበልጠኛለች። አንደኛው ዙር የእኔ ነበር። እጄ ወደ ላይ ነው፣ ቡጢዋ ያርፍበታል፣ እኔ እጠጋለሁ፣ እመልሳለሁ። እያየሁ ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ ሁሉንም እያየሁ ነበር።

ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ጥግ ያዘችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ጓንቴ ላይ። ሦስተኛው ሆዴ ላይ። አራተኛው ጓንቴን ይዞ ግንባሬን መታኝ። እጄ አሁንም ላይ ነው። አልወደቅኩም። ሰዉ ያጨበጭባል። ያኔ ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ብርሃን ብቻ። ከገመዱ ውጭ ጋሽ ይ. ፎጣውን ይዘው እጃቸውን አንስተዋል። እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

ተንበረከክኩ። ማንም ሳይጥለኝ፣ ራሴ፣ በአንድ ጉልበት።

ዳኛው እሷን ወደ ጥግ ልኮ መቁጠር ጀመረ፤ አስር ሳይሞላ ከተነሳሁ ግጥሚያው ይቀጥላል። በሁለት ትንፋሼ መጣ። በአራት የገመዱ ቀለም ታየኝ። በሰባት ተነሳሁ። ፎጣው አልተወረወረም። ሦስተኛውን ዙር እስከ ደወሉ ድረስ እየመለስኩ ጨረስኩ።

የእሷን እጅ አነሱ። ክለቡም እሷን ይወስዳል። አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ሰኞ ወደ ክር ፋብሪካዬ።

ጋሽ ይ. የጓንቴን ክር ፈቱልኝ። ታክሲ ውስጥ፣ ቃሊቲ ልንደርስ ስንል፣ በመስኮት እያዩ፣ «እኔ ይህን መንበርከክ አላውቅበትም ነበር» አሉኝ። እኝህ ሰው። ለእኔ። እጃቸውን ሳምኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከሰዓት 9፡00

ጭንቅላቴን ለመታየት ሄድኩ፣ ጋሽ ይ. አብረውኝ መጡ። ደህና ነሽ፣ ግን አንድ ወር ቡጢ የሚባል ነገር የለም ተባልኩ። ከዚያ ዓይን ክፍል ለሳቸው ተራ ያዝኩ። አልፈልግም አሉ። ሰልፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ በመጨረሻ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

ሐኪሟ ደህናውን ዓይን ለረጅም ጊዜ አየችው። ውስጡ መሳሳት ጀምሯል፣ አሁን ከታከመ ይተርፋል አለች። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ሳምንት ዕረፍት። ጋሽ ይ. ተነሱ። አዳራሹን ማን ይከፍተዋል፣ ልጆቹስ አሉ፣ ወደ በሩ እያመሩ።

«እኔ እከፍተዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ ይቀመጡ።»

የበሩን እጀታ ለቀቁ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሕክምናው ሐሙስ ነው። ጫልቱ ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ትሄዳለች። እኔ ፈረቃዬን ወደ ከሰዓት አስቀይሬያለሁ። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነኝ፣ አዲስ የተመዘገቡት ሰባቱ ልጆች ፊት። እጃቸውን እንዴት እንደሚያነሱ አሳያቸዋለሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ መንበርከክን አስተምራቸዋለሁ።