ሰው ካልተሟላ የማይሰጠው ጠረጴዛ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2025። ልጄ ሁስና በምግብ ቤትዎ መስታወት ወደ ውስጥ አይታ ሄደች።

በፕሌኖ የጃፓን ምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ ለሆኑት ለተከበሩ አቶ ፀጋዬ፣

እርስዎ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ፣ ቤተሰብዎም አንድ ሰው ሳይጎድልበት ማዕድ እንዲቀርብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ የዳላስ ሐበሻ ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ ስላወጣሁት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ጎመን በሊጥ ተለውሶ ጠረጴዛው ላይ በተገጠመ ምጣድ የሚጠበሰውን ኦኮኖሚያኪ የመረጠችው ሁስና ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ተኳርፈን ነበር። በመጨረሻ ስደውልላት አንስታ፣ "ሁልጊዜ ታረፍዳለህ፤ ቁጭ ብለህ ካላገኘሁህ አልገባም፣ ኦኬ?" አለችኝ። ስለዚህ ከቀጠሮው ብዙ ቀድሜ መጣሁ። የአሳማ ሥጋ ያልነካው ምጣድ ያለበትን የመስኮት ጠረጴዛ ስለያዙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

2. እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳልቀመጥ ስለከለከሉኝም አመሰግናለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ብለምንዎ፣ "ወንድሜ ሲራጁዲን፣ ደንብ ነው፤ ሰው ሳይሟላ አናስቀምጥም። መኪናህ ውስጥ ጠብቅ፣ ቴክስት እናደርግልሃለን" አሉኝ። ሐበሻ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ እንደሚመጣ፣ ቀድሞ የደረሰውም ቦታ ይዞ እንደሚጠብቅ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

3. እኔ መኪናዬ ውስጥ ስጠብቅ ሁስና በማላያት በጎን በኩል ፓርክ አድርጋ መጣች። ባዶውን ጠረጴዛ አየች። የደረሰኝ ቴክስት የእርስዎ ሳይሆን የእሷ ነበር፦ "ዛሬም የለህም።" ብደውል አላነሳችም። እስካሁንም አላነሳችም። ሮጬ ገብቼ ስነግርዎ፣ ሁለታችን ስንሟላ ጠረጴዛው ዝግጁ መሆኑን በትሕትና አረጋገጡልኝ።

ቀድሜ መድረሴን ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ቁጥሯን ጠረጴዛ ሳስይዝ ሰጥቼዎታለሁ። እባክዎ ደውለው ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም።

ሐዘኔታዎንም አልረሳሁም፤ አንድ ኦኮኖሚያኪ ተጠቅልሎ እንዲሰጠኝ አዘዙልኝ። ቆሜ ስጠብቅ ሁለት የተሟሉ ሰዎች መጥተው በእኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ምጣዱ ተለኮሰ። ስሜ ሲጠራ ሰማሁ፤ ምግቡን ሳልቀበል ወጣሁ።

ለደንብዎ ወደር የለሽ አክብሮት ያለኝ፣
ቀድሞ የመጣው ሲራጁዲን፣ ከጋርላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጅዎ የዜማ የሰርግ ጥሪ ደርሶኛል፤ "ከነቤተሰብዎ" ይላል። ቤተሰቤ ስላልተሟላ መኪናዬ ውስጥ እጠብቃለሁ። ቴክስት ያድርጉልኝ።